አሥራ አራት በአርባ አምስት

ሰፈሩ «ጋሼ ንፋስ» ይላቸዋል። ስሙን ያወጡላቸው የፖስታ ቤት ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሞተር ሳይክል ደብዳቤ ሲያደርሱ፣ የጠዋቱን ቦርሳ ባዶ አድርገው ከምሳ በፊት የሚመለሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ስሙ አብሯቸው አልወጣም። አሁንም ትልቅ ትንሹ በዚያው ይጠራቸዋል፤ እሳቸውም ደስ እያላቸው «አቤት» ይላሉ።

ሞተር ሳይክላቸውም እንደ ጌታዋ ሯጭ ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ እንዲህ አልነበረችም፤ ያፈጠኗት ራሳቸው ናቸው። የሞተሩ ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው በካቴና ነው፤ ካቴናው ደግሞ የሚዞረው በሁለት ባለ ጥርስ ብረቶች ላይ ነው። ከሞተሩ ጋር ያለችውን ትንሿን መካኒኮች ፒኞን ይሏታል፣ ከኋላ ጎማው ጋር ያለውን ትልቁን ደግሞ ኮሮና። በሽታው ከመምጣቱ በፊት የነበረ ስም ነው፤ ይኼኛው ኮሮና ማንንም አልገደለም። የትንሿ ጥርስ ሲበዛ የትልቁም ሲያንስ ትፈጥናለች። ሲገለበጥ ትዘገያለች፣ ግን ጉልበት ታገኛለች። ጋሼ ንፋስ የፊቷን አሥራ ስድስት፣ የኋላውን ሠላሳ ስምንት አድርገውት ሜዳ ላይ ትበር ነበር። ዳገት ላይ ታቃስታለች። ታዲያ ምን ቸገራቸው? ደብዳቤ እንደሆነ ክብደት የለው።

ባለቤታቸው የተሳፈሩባት አንዴ ብቻ ነው። በተጋቡ በወሩ ዘመድ ሊጠይቁ ሲሄዱ፣ የራስ ሻሻቸውና የአንድ እግር ጫማቸው የት እንደወደቀ ሳይታወቅ ደረሱ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔና ይቺ ብረትህ አንተዋወቅም» አሉ፤ ያሉትንም ጠብቀው ሠላሳ ስድስት ዓመት በእግራቸው ሄዱ። ጋሼ ንፋስ «እሜቴ» ነው የሚሏቸው፤ ግማሹ ለፍቅር ነው፣ ግማሹ ለፍርሃት።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት እሜቴ ከአልጋ ሊነሡ ሲሉ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ምላሳቸውም ለሁለት ሳምንት ተሳስሮ ነበር፤ እሱስ ከነወለዱ ተመለሰ። እጁም ቀስ በቀስ መጣ። እግር ግን ቀረ። ሐኪሞቹ በሳምንት ሦስት ቀን የእንቅስቃሴ ሕክምና ካልተቋረጠ ይመለሳል አሉ። ሕክምናው የሚሰጠው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ኮረብታ አናት ላይ ባለ ክሊኒክ ነው።

«እግር ለከዳው ሰው ኮረብታ ላይ ቤት የሠራው ማን ነው? እሱ ነው መጀመሪያ መታከም የነበረበት» ይሉ ነበር እሜቴ።

ሁለት ወር ያህል ጎረቤታቸው በጭነት መኪናው ጋቢና እያደረገ አመላለሳቸው። ከዚያ ሥራው ወደ ሌላ ከተማ አዛወረውና ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። የታክሲ ሾፌሮች የኮረብታውን ስም ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ መንገዱ ጠጠር ነው፣ ጎማ ይበላል። ሁለት ሳምንት ባከነ። ትንሽ ከመሬት ከፍ ማለት ጀምሮ የነበረው እግር ተመልሶ ወለሉን መጥረግ ያዘ።

በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ የምትኖረው ልጃቸው ይህን ስትሰማ ደወለች።

«አባዬ፣ እማዬን ወደኔ እወስዳታለሁ። እዚህ ሕክምናው ከቤቴ አምስት ደቂቃ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«እንጃ፣ ዓመትም ሊሆን ይችላል። አንተም እየመጣህ ትጠይቃታለህ።»

ጋሼ ንፋስ «እሺ» አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? ለእሜቴ እግር የሚበጀውን እንቢ የሚል ባል ምን ዓይነት ባል ነው? ስልኩን ከዘጉ በኋላ ግን «ትጠይቃታለህ» የምትለዋ ቃል ከጆሯቸው አልወጣ አለች። ሰው የገዛ ሚስቱን ይጠይቃል እንዴ? የሚጠየቅ እስረኛ ነው። ለእሜቴ ሲነግሯቸው እሳቸውም «እሺ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንዲህ ሆኖ ሦስቱም እሺ ተባባሉ፣ አንዳቸውም የልባቸውን ሳይናገሩ።

አሥር ቀን ነበራቸው። ጋሼ ንፋስ በማግስቱ የድሮ ወዳጃቸው የሆነውን በያጅ ግቢያቸው ድረስ አምጥተው ከሞተር ሳይክላቸው ጎን የምትታሰር ባለ አንድ ጎማ ጋሪ አሠሩ። ከተጣለ መኪና የተነቀለ ወንበር ገባላት፤ የእግር ማስደገፊያ፣ መያዣ ብረት፣ ቀበቶም ተሠራላት። እሑድ ዕለት ተጠናቀቀች። የቀረው ዳገቱን መሞከር ነው፤ ለዚህ ደግሞ የእሜቴን ክብደት ማወቅ ያስፈልጋል።

«እሜቴ፣ ስንት ኪሎ ነሽ?»

«ልትሸጠኝ ነው?»

«ለሐኪሙ ነው።»

«ሐኪሙ ሚዛን አለው፤ ራሱ ይመዝነኝ።»

በግምት ሁለት ከረጢት አሸዋ ጫኑ። ሰኞ ጠዋት ወጡ። ሜዳው ላይ ጋሪዋ ትንሽ ወደ ጎን ብትስባቸውም ሸጋ ሄደች። ኮረብታው ሥር ሲደርሱ ወደ ሁለተኛ ማርሽ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ አወረዱ። ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ሰዉ «ክርኑ» የሚለው፣ እንደ ታጠፈ ክንድ የሚሰበር ኩርባ አለ። እዚያ ላይ ሞተሩ አንዴ ሳል፣ ሁለቴ ሳል አለና ጠፋ።

ፍሬኑን ያዙ፤ ጎማው ግን በጠጠሩ ላይ ወደኋላ ይንሸራተት ጀመር። ዘለው ወረዱና በትከሻቸው ደገፏት፤ በእግራቸው ድንጋይ ፈልገው ከጎማው ሥር ወተፉ። ከዚያ መንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ከረጢቶቹን አዩ። ከረጢት ስለሆነ ዝም አለ። እሜቴ ቢሆኑስ? ቤት ሲገቡ ለእሜቴ ትንፍሽ አላሉም።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ መካኒክ ዘንድ ሄዱ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ጆሮዋ ላይ ሁልጊዜ እርሳስ የምትሰካ ሴት ናት፤ ሒሳቧን የምትሠራው ጋራዡ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ግድግዳው የተማሪ ደብተር መስሏል። የሆነውን ሁሉ ነገሯት። እሷ አንድ ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋ ጎማውን እያዞረች ቆጠረች።

«አሥራ ስድስት በሠላሳ ስምንት! ጋሼ፣ ይቺ እኮ ለውድድር የተሠራች ናት።»

«ነበረች» አሉ ጋሼ ንፋስ፣ ትንሽ ኩራት ቢጤ እየሸተታቸው።

«እንግዲህ ይስሙኝ። አሁን ጎማው አንዴ እንዲዞር የፊቷ ሁለት ዙር ከሲሶ ብቻ ነው የምትዞረው። በዚህ ሸክም ለዚያ ዳገት ከሦስት ዙር በላይ ያስፈልጋል።»

«ፍጥነቷስ?»

«ፍጥነቷ ይቀንሳል። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚሰጥ ጥርስ እስካሁን አልበቀለም።»

ጋሼ ንፋስ ሞተር ሳይክላቸውን አዩአት። ሠላሳ አንድ ዓመት ስማቸውን ያወጣላቸው ይኸው ፍጥነት ነው። ከዚያ የክርኑ ጠጠር ትዝ አላቸውና ኩራቱ በአንድ ጊዜ ከላያቸው ረገፈ።

«ካለሽ ውስጥ ትልቁን ኮሮና፣ ትንሿን ፒኞን ስጪኝ» አሉ።

«አይ ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ። ትልቁ ሃምሳ ነው፣ ትንሿ አሥራ ሦስት። በጣም ይበዛል። ጨው በዛ ማለት ጣፈጠ ማለት እኮ አይደለም።»

«ልጄ፣ ያንን ዳገት ያየሁት እኔ ነኝ። ግጠሚ!»

ሽማግሌ ሲቆጣ ምን ይደረጋል? ካቴናውን አርዝማ ገጠመችላቸው።

ማክሰኞ ከረጢቶቹን ጭነው ሲወጡ ክርኑን ሞተር ሳይክሏ እንደ ፍየል ወጣችው፤ በሁለተኛ ማርሽ! ጋሼ ንፋስ ብቻቸውን እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ደስታው ግን ሜዳው እስኪደርስ ነበር። ሲመለሱ ዋናው አስፋልት ላይ ሞተሩ እንደሚታረድ በሬ እየጮኸ እሷ ትንፏቀቃለች። ከኋላቸው የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ጡሩንባቸውን ያንባርቃሉ። አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ ሲቀድማቸው በጣም ስለተጠጋ ነፋሱ ጋሪዋን አወዛወዛት። ዳቦ በብስክሌት የሚያመላልሰው ሰውዬ ሳይቀር አልፏቸው ሄደ፤ ሲያልፍም ዞር ብሎ፣

«ጋሼ ንፋስ! ምነው ዛሬ አየሩ ጸጥ አለ?»

ሞተሩ ግሎ የዘይት ሽታ ሸተታቸው፤ ከታች ደግሞ ካቴናው አንድ ነገር ሲፍቅ ይሰማል። ከዳገቱ ያዳኗቸውን እሜቴን ለጭነት መኪና ሊሰጧቸው እንደሆነ ገባቸው። ሞተር ሳይክሏን ቀጥታ ወደ ጋራዡ ነዷት።

መካኒኳ «ብዬ ነበር» አላለችም። በርጩማ አቀረበችላቸው፤ አጎንብሳ አየችና ካቴናው ትንሿ ፒኞን ላይ በጣም ታጥፎ ሥሩ ያለውን፣ የኋላ ጎማውን የያዘውን የብረት ክንድ እየበላው መሆኑን አሳየቻቸው።

«ክርኑን በስንተኛ ማርሽ ወጡ?» ብላ ጠየቀች።

«በሁለተኛ።»

«አዩ? አንደኛው ማርሽ ሥራ ፈቶ ተቀመጠ ማለት ነው። የማያስፈልግዎትን ጉልበት ተሸክመው ነው ሜዳው ላይ የሚሰቃዩት። እኛ የምንፈልገው በአንደኛ ማርሽ፣ ሳይጨነቅ ክርኑን የሚያወጣ፣ አስፋልቱ ላይ ደግሞ ከመኪናው እኩል የሚያስኬድ ነው።» እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ ግድግዳው ላይ ጻፈች፤ አካፈለች፤ ሰረዘች፤ እንደገና አካፈለች። ጋሼ ንፋስ አንገታቸውን አስግገው ይከታተላሉ። «አሥራ አራት በአርባ አምስት። ሦስት ዙር ከትንሽ። ከድሮው በሲሶ የበለጠ ጉልበት አለው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በቁጥሩ እርግጠኛ ነኝ። እትዬ ስንት ኪሎ ናቸው?»

«እሱን ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቅ።»

ሳቀች፤ ግምታቸው ላይ አምስት ኪሎ ጨምራ ጻፈች። አርባ አምስቱ ኮሮና እጇ ላይ ስላልነበረ ወዲያ ወዲህ ደውላ ሐሙስ አስመጣች። ስትገጥም ጋሼ ንፋስን ሞተር ሳይክሏ ላይ፣ ከረጢቶቹን ጋሪዋ ላይ አስቀምጣ ነው የካቴናውን ልልነት የለካችው፤ ሸክም ሲኖር ይወጠራልና። በመጨረሻም ጣቷን አነሣች።

«ለሁለት ሰው ነው ያሰላሁት ጋሼ። ሦስተኛ ሰው እንዳይጨምሩ።»

ዓርብ ሊሞክሩ አስበው ነበር፤ ዝናቡ ከጠዋት እስከ ማታ ሳያባራ ዋለ። ስለዚህ ቅዳሜ ሲነጋ አሥራ አራት በአርባ አምስት ዳገቱን ገና አልቀመሰውም።

ልጃቸው ረፋድ ላይ ባዶ ሻንጣ ይዛ ደረሰች። ግቢው ውስጥ ጋሪዋን ስታይ ባለችበት ቆመች።

«አባዬ፣ ይኼ ምንድን ነው? እማዬን በዚህ? በአንተ አነዳድ?»

ጋሼ ንፋስ ሊያስረዱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ በሩ ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው የቆሙት እሜቴ ቀደሟቸው።

«ልጄ፣ ልብሴን ከማጣጠፍሽ በፊት ዳገቱን እንየው።»

ጋሼ ንፋስ ዞር ብለው አዩአቸው። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አሥር ቀን ሙሉ መስኮቴ ሥር ብረት ሲንኳኳ ስሰማ ነው የከረምኩት። ያመመኝ እግሬን ነው እንጂ ጆሮዬን አይደለም።»

ልጅቱ እናቷንና አባቷን በየተራ አየች። «እኔ በዓይኔ ሳላይ አትሄዱም» አለች። «ከኋላ እቀመጣለሁ።»

«አይሆንም!» አሉ ጋሼ ንፋስ። «ለሁለት ሰው ነው የተሰላው። መካኒኳ በግልጽ ነው የነገረችኝ።»

«እንግዲያው እማዬም አትሄድም።»

«ልጄ ካልመጣች እኔም አልሳፈርም» አሉ እሜቴ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። እናትና ልጅ አንድ ሲሆኑ ምን ሒሳብ ይሠራል?

እሜቴን ጋሪዋ ውስጥ አስገብተው ቀበቶውን አሰሩላቸው፤ ቀኝ እግራቸውን ማስደገፊያው ላይ አቀኑላቸው። አስፋልቱ ላይ ሞተር ሳይክሏ ከመኪናው እኩል ሄደች፣ አልጮኸችም፤ አንድም መኪና ጡሩንባ አልነፋባቸውም። ጋሼ ንፋስ ግማሽ እፎይታ ተነፈሱ። ግማሹን ለክርኑ አቆዩት።

ኮረብታው ሥር ሁለተኛ አስገቡ። የትናንቱ ዝናብ ጠጠሩን አጣብቆት መሬቱ ጠንከር ብሏል፤ እሱስ ጥሩ ነው። ዳገቱ ቀና ሲል አንደኛ አስገቡ። ክርኑ ፊት ለፊታቸው ብቅ ሲል መያዣውን ጠበቅ አድርገው ጨበጡ። ያቺ ጎማ የወተፉባት ድንጋይ አሁንም እዚያው ተቀምጣለች። ኩርባውን ያዙ። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፤ ድም፣ ድም፣ ድም፣ አንድ አንዱ እስኪቆጠር ድረስ። ከኋላ ልጃቸው ክብደት የምትቀንስ መስሏት ትንፋሿን ይዛ ከወንበሩ ከፍ ብላለች። ጋሼ ንፋስ የነዳጁን እጀታ ጨርሰው አልጠመዘዙም፤ የሠላሳ አንድ ዓመት እጃቸው ጠምዝዝ ጠምዝዝ ቢላቸውም ታገሡ፤ ጥርሱ ሥራውን ይሥራ ብለው ተዉት።

ከጎናቸው እሜቴ የጋሪዋን ብረት በእጃቸው እየመቱ፣ «በርቺ፣ እህቴ፣ በርቺ!» ሲሉ ተሰሙ።

ወረደ፤ ወረደ፤ ሊጠፋ ነው ሲሉ ባለበት ጸና። አልጠፋም። ሞተር ሳይክሏ ሦስቱንም ይዛ እንደ ሸክም የለመደች በቅሎ አንድ እርምጃ፣ ሌላም እርምጃ እያለች ከኩርባው ወጣች። መንገዱ ትንሽ ሲረግብ ድምፁ ተመለሰ። የክሊኒኩ ቆርቆሮ ጣሪያ ታየ።

በሩ ላይ ቆመው ሞተሩን ሲያጠፉት ነው ጋሼ ንፋስ እጆቻቸው ከመያዣው አልላቀቅ እንዳሏቸው ያወቁት። አንድ በአንድ ጣቶቻቸውን ፈቱ። ከዚያ ትልቅ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ልጃቸው ከደወለችበት ቀን ጀምሮ ደረታቸው ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየው ሁሉ አብሮ ወጣ።

የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዋ ብቅ ብላ «ወየው! ጠፋችሁ እኮ! ይቺ እግር ተቀየመችን» እያለች እሜቴን ደግፋ አስገባች። ጋሼ ንፋስና ልጃቸው ከክፍሉ መስኮት ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የምታለቅስ መሰላቸው፤ ትስቅ ነበር። ኋላ ሁለቱም ተደባለቁባት።

«እውነቱን ልንገርህ አባዬ? ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው።»

«እሱን አውቃለሁ።»

«አሳንሰሩ ሦስት ወሩ ከቆመ። ማን እንደሚሠራው አይታወቅም። እማዬን በሳምንት ሦስት ቀን እንዴት እንደማወርዳትና እንደማወጣት ሳስብ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት። በወንበር እንዲሸከሟት ጎረቤቶቼን እየለመንኩ ነበር።»

«ታዲያ ምነው አልተናገርሽ?»

«እግሯ ተመልሶ ከሚሞት እኔ ልቸገር ብዬ ነዋ! አንተስ? ምነው ወዲያው እሺ አልከኝ? አይሆንም የምትለኝ መስሎኝ ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር።»

ጋሼ ንፋስ ያወለቁትን ራስ ቁራቸውን እጃቸው ላይ አዟዟሩት። «እኔማ ለእግሯ ብዬ ነው» አሉ።

ከተከፈተው መስኮት የእሜቴ ድምፅ መጣ።

«ሁለታችሁም ለእግሬ ብላችሁ ነው! እግሬን ስትማከሩ እኔን ማን ጠየቀኝ? አንተ ሰውዬ፣ ካንተ ተለይቼ ዓመት ልቀመጥ? ማንን ልቆጣ ነው?»

ባለሙያዋ ስትስቅ ተሰማ። ልጅቱም ራሷን አባቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። «ሻንጣዬን ባዶውን እመልሰዋለሁ» አለች። «ግን በየወሩ እየመጣሁ አነዳድህን አያለሁ።»

«ነይ። ስትመጪ ግን በእግርሽ ነው የምትወጪው» አሉ ጋሼ ንፋስ። «ዛሬ ያለ ሒሳቡ ነው የወጣነው፤ ለዚያች መካኒክም እንዳትነግሪብኝ።»

ፀሐይዋ አግዳሚውን አሙቃዋለች። ከታች ከተማው፣ ጣሪያው ሁሉ በትናንቱ ዝናብ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ከመስኮቱ ባለሙያዋ እርምጃ ስታስቆጥር ይሰማል፤ «አንድ… ሁለት… ከፍ ያድርጉት… ሦስት…»። ጋሼ ንፋስ አብረው ይቆጥሩ ጀመር። ሰባት ላይ ይሁን ስምንት ላይ ቁጥሩ ጠፋባቸው፤ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወደቀ፣ ለስላሳ ማንኮራፋት ተከተለ። ልጃቸው ራስ ቁራቸውን ቀስ ብላ ከእጃቸው ወስዳ መሬት አስቀመጠችላቸው።